የስፕሬይ ቀለም ሒሳብ በጣሳ ወይስ በካሬ ሜትር?

በጎንደር–ባሕር ዳር መንገድ ላይ እንዳለችው ማክሰኝት ባሉ ከተሞች ቤት የሚሠራ ሰው የብረት በሩ ተበይዶ ሲያልቅ የቀለም ወጪ ይጠብቀዋል። የስፕሬይ ጣሳ ለዓይን ርካሽ ነው፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል።

400 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ጣሳ ከፊሉ ቀለሙን ገፍቶ የሚያወጣ ጋዝ ነው። አንዱ ጣሳ ከ2 ካሬ ሜትር እምብዛም አያለብስም። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር በሁለቱም ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲቀባ 7.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ቢያንስ 4 ጣሳ ይፈጃል፤ በብሩሽ ከሆነ አንድ ሊትር ያህል የብረት ቀለም ይበቃዋል። ብዙ በር ያለው ደግሞ ኮምፕሬሰር ቢከራይ ያዋጣዋል።

ጣሳው የሚያዋጣው ለወንበር እግር፣ ለማስታወቂያ ፊደልና ለሥዕል ነው። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ፀረ ዝገት ይቀባል። ከዚያም ጣሳውን በደንብ ነቅንቆ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በስሱ ደጋግሞ መርጨት ነው፤ በአንዴ የወፈረ ቀለም ይንጠባጠባል።

ነጋዴውም ይጠንቀቅ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ጣሳ የመተኪያ ዋጋው አይጨበጥም። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ጣሳው ሊፈነዳ ስለሚችል ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር የተከማቸ ዕቃ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ሱቁንም ሊያሳጣ ይችላል።