ዜግነት በዕለት ኑሮ፦ ከወንጂ እስከ ሻሸመኔ

«ኢትዮጵያዊ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ «አዎን» ይላል። «በምን ይታወቃል?» የሚለው ሲከተል ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ ቋንቋውን፣ ሌላው የቀበሌ መታወቂያውን፣ ሦስተኛው የተወለደበትን ቀዬ ይጠቅሳል። በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ ጥያቄ የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም፤ ቤት ሲከራዩ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገቡና የባንክ ሒሳብ ሲከፍቱም ይነሳል።

አካባቢው የብዙ ሕዝብ መገናኛ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሠራተኞችን ስቧል። የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የዛይ ማኅበረሰብ መኖሪያ ናቸው። በመቂና በባቱ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች ላይም ከሩቅ የመጡ የቀን ሠራተኞች ከአካባቢው አርሶ አደር ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ። የእነዚህ ሁሉ ብሔርና ቋንቋ ቢለያይም ዜግነታቸው አንድ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 እንደሚደነግገው፣ ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ያረጋግጣል። አንቀጽ 32 በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነጻነት ይሰጠዋል። አንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ሕዝብ ቋንቋውንና ባህሉን እንዲያሳድግ ይፈቅዳል። ስለዚህ ብሔርና ዜግነት አንዱ ሌላውን የሚሽር አይደለም። ብሔር ሰውን ከወገኑ፣ ዜግነት ደግሞ ከአገሩ ጋር ያስተሳስረዋል።

የዜግነት ዋጋ ይበልጥ የሚታየው ያላገኙት ሰዎች ዘንድ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በችግሩ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የውጭ አገር ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጡ። ከካሪቢያን መጥተው በዚያ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያን ኢትዮጵያን እንደ እናት አገር ቢያዩም፣ ብዙዎቹ ለዓመታት በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ሆነው ቆይተዋል። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለመኖር የሚያስችል መታወቂያ እንደሚሰጣቸው አስታወቀ። ይህም ቢሆን የመምረጥ መብትን አይጨምርም። አገርን መውደድ የልብ፣ ዜግነት ግን የሕግ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ዜጋ መሆንና ዜጋነትን በሰነድ ማሳየትም የተለያዩ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ የሰውየውን ማንነት በጣት አሻራ፣ በዓይን ብሌንና በፊት ምስል ይለያል። ብሔርንና ሃይማኖትን ግን አይመዘግብም። በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር የውጭ አገር ሰውም ስለሚሰጥ፣ ቁጥሩን መያዝ ብቻውን ኢትዮጵያዊ አያሰኝም። የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ በዋነኝነት የነዋሪነት ማስረጃ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ለዓመታት የብሔር መስመር ተካቶበት ቆይቷል።

ችግሩ የሚጸናው ሰነድ በሌለው ላይ ነው። ከትውልድ ቀዬው ለሥራ ወጥቶ መቂ ወይም አዳማ የደረሰ ወጣት አዲስ የነዋሪነት መታወቂያ ሲጠይቅ፣ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል። መሸኛ ካልያዘ ዜግነቱ ሳይጓደል አገልግሎት ይጓደልበታል። ያለ ምዝገባ ያደገ ልጅም ዕድሜውንና ወላጆቹን ማስረዳት ሲኖርበት ይቸገራል።

ስለዚህ ከቤት ሲወጡ መሸኛ መያዝ ይበጃል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ90 ቀናት ውስጥ በቀበሌ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ብሔሩንና ቋንቋውን ከቤቱ ይወርሳል፤ በሕግ ፊት የሚያቆመውን ወረቀት ግን ወላጆቹ ካላወጡለት ማንም አያወጣለትም።