ርካሽ እህል፣ ውድ አረም

ከሐይቅ ገበያ ማሽላ የሚያነሳ ነጋዴ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ዋጋ፣ ስለ ጥራትና ስለ ማጓጓዣ ነው። ከባሕር ማዶ በመጣ ጭነት ተደብቆ የገባ ተባይ ግን ገበያው የሚያገኘውን የእህል መጠን ከሁሉም ቀድሞ ሊወስን ይችላል።

ባለሙያዎች “የተባይ ስጋት ትንተና” የሚሉት ሥራ፣ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይመልሳል። ተባዩ በምን መንገድ ሊገባ ይችላል? ከገባ የሚስማማው አየርና ሰብል ያገኛል? በምን ፍጥነት ይዛመታል? ኪሳራውስ ምን ያህል ነው? በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት መሠረት ተባይ ሲባል ነፍሳትን ብቻ ሳይሆን የዕፅዋት በሽታንና አረምንም ይጨምራል።

የአገባቡ ሁኔታ መከላከያውን ይለውጣል። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታይቶ፣ በ2017 በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ተገኘ። የተምቹ የእሳት እራት በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ስለሚችል የድንበር ፍተሻ አይገታውም። በዚህ ጊዜ ትንተናው የሚጠቅመው አሰሳና ዝግጅት አስቀድሞ እንዲጀመር ነው።

ቅንጬ አረም ግን በጭነት እንደመጣ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በድሬዳዋና ከሐይቅ በስተሰሜን ባለው ቆቦ አካባቢ የታየው ይህ አረም፣ ከውጭ ከመጣ የእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ ባለሙያዎች ያምናሉ። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ዘሩም በጎርፍ፣ በተሽከርካሪና በእህል ጆንያ ይጓዛል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ካልታረመ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የአስመጪውም ነው። ያልተበጠረ እህል በኩንታል ጥቂት ብር ቢያተርፍም፣ ዕዳው ለገበሬውና ከእርሱ ለሚገዛው ነጋዴ ይተላለፋል። ስለዚህ ኤል.ሲ. ከመከፈቱ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ መያዝ፣ ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት መጠየቅና ጭነቱ ቢታገድ የማከሚያውን፣ የመመለሻውን ወይም የማስወገጃውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ማስፈር ያስፈልጋል። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚነሳ ክርክር የሚካሄደው የወደብ ኪራይ እየቆጠረ ነው።