ከሌባሻይ እስከ አነፍናፊ ውሻ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አጠና ተራ ላይ ሌሊት ሱቅ ቢሰበር ለአነፍናፊ ውሻ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ተሸካሚውና ታክሲው ከወጡ፣ ፀሐይም አስፋልቱን ካጋለች፣ የሌባው ዱካ በብዙ እግር ይደፈጠጣል። ውሻው የሚከተለው ከገላ የረገፈ የቆዳ ብናኝና የተረገጠ አፈር ሽታ ነው። እርጥብ ሣር ሽታውን ያቆይለታል፤ ደረቅ አስፋልት ያጠፋበታል።

ዱካ ፍለጋ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባሻይ ያስጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይደነዝዛል፤ ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርለታል፤ እየተንገዳገደ ሲሄድ ያዡ መቀነቱን ጨብጦ ይከተለዋል። ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ግን ሊሳሳት ይችል ነበር። ያዡም መቀነቱን ወደ ፈለገው ሊስበው ይችል ነበር። ስንት ንጹሕ ሰው ከፍሎ ይሆን!

የውሻ ማሰሪያም መቀነት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 18 ያዦች ከነውሾቻቸው አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍተሻ አደረጉ። ዕፅም ፈንጂም አልተቀመጠም። ለሰዎቹ ግን ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ቦታ የሚፈለገው ሽታ እንዳለበት ተነግሯቸው ነበር። ከ144 ፍተሻዎች አንድም የሐሰት ምልክት ሳይሰጥባቸው ያለቁት 21 ብቻ ሆኑ።

ያዡ ሊያሳስተው ስለሚችል የውሻው ዘር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚራቡት የጀርመን ሼፐርድና የቤልጂየም ማሊኖይስ ናቸው፤ ቡችላው የሚመረጠውም በቁጣው አይደለም። ሣር ውስጥ የተወረወረች ኳስ ስትጠፋበት ሳይሰለች መፈለጉ፣ በጩኸትና በደረጃ አለመደንገጡ ይታያል። ኋላም ትክክለኛውን ሽታ ሲያገኝ ያቺው ኳስ ደመወዙ ትሆናለች።

ፈተናን አክብሮ የሚሠራ ሙያ አገራችንም አይታለች። ከ1990–92 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የተቋቋመውን የፈንጂ ማጽዳት ጽሕፈት ቤት የኖርዌይ ሕዝባዊ ርዳታ ድርጅት በፈንጂ አነፍናፊ ውሾች አግዞታል። በዓለም አቀፉ የሙያው ደንብ መሠረት ለፈተና ፈንጂዎች አስቀድመው ይቀበራሉ፤ ሽታቸው አፈሩ ውስጥ እስኪሰርጽም ይቆያሉ። የተቀበሩበትን ቦታ ያዡ አያውቅም። ፈንጂ ሳያገኝ ያለፈ ውሻ መሬት እንዲያጸዳ ፈቃድ አያገኝም።

በወንጀል ምርመራም ውሻ አንድን ደጃፍ ሲጠቁም፣ ዳኛውና ጠበቃው የዚያን ውሻ የፈተና መዝገብ ይጠይቁ፦ መቼ ተፈተነ፣ ስንት ጊዜ ተሳሳተ፣ ያዡስ መልሱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር?