በጣቢያ የተጻፈ ቃል የማን ነው?

በኅዳር ወር፣ ቡናው ቀልቶ ለቀማው በሚፋፋምበት ጊዜ፣ ከሚዛን ተፈሪ ራቅ ብለው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማታ በማድረቂያው አልጋ ላይ ሸፍነው የተዉት ቡና ሌሊት ተሰርቆ አደረ እንበል፤ ይህ በቡና አገር እንግዳ ነገር አይደለምና ለነገራችን ምሳሌ ይሁነን። ሽማግሌው በጭቃው መንገድ ተጉዘው ወደ ወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳሉ፤ ተረኛው ፖሊስም ጠርዙ የተላላጠውን ትልቅ መዝገብ ይገልጥና ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ የጠፋውን ቡና መጠን፣ የጠረጠሩትም ሰው እንዳለ እየጠየቀ ይጽፋል፤ እርሳቸውም አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ከጽሑፉ ግርጌ ያሳርፋሉ። ወራት ካለፉ በኋላ፣ ብድር የሰጣቸው ማኅበር ስርቆቱን የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያመጡ ስለ ጠየቃቸው፣ ወደዚያው ጣቢያ ይመለሳሉ። «አባባ፣ የመዝገብ ቁጥርዎ ስንት ነው?» ይላቸዋል ወጣቱ ፖሊስ። «ልጄ፣ ቁጥሩንስ የነገረኝ የለም፤ ቃሌን ግን እዚሁ ቤት ሰጥቻለሁ» ይላሉ።

ብዙ ዘመን የቆየው ጥያቄ በዚህ በቃሉና በቁጥሩ መካከል የቆመ ነው፤ ይኸውም በመንግሥት ቀለምና በመንግሥት ወረቀት የተጻፈ፣ ነገር ግን ከባለጉዳዩ አንደበት የወጣና የባለጉዳዩን ጉዳት የሚናገር ጽሑፍ የማን ገንዘብ ነው፣ የጻፈው ብቻ ያየው ዘንድ ነውን፣ ወይስ የተናገረውም ድርሻ አለው የሚለው ነው።

በቀደመው ዘመን ይህ ጥያቄ ብዙ አያስጨንቅም ነበር፤ ምክንያቱም የምርመራው ሥራ በአብዛኛው በአደባባይ ይፈጸም ስለ ነበር ነው። ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ በአንዳንዱ አገር አውጫጭኝ፣ በሌላው አፈርሳታ በተባለው ሥርዓት የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ በተመረጡት ሽማግሎች ፊት እየማለ የሚያውቀውን ይናገር ነበር፤ ሥርዓቱ ንጹሑንም ጭምር ከሥራው አስፈትቶ በሜዳ የሚያውል አስጨናቂ ነገር ቢኖርበትም፣ የተደረሰበት ነገር ከጉባኤው የሚሰወር አልነበረም። በጽሑፍ ሊጠበቅ የሚገባው የርስትና የውል ነገር ደግሞ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ወንጌል ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይመዘገብ ስለ ነበር፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ መጽሐፉ ወጥቶ በባለጉዳዮቹ ፊት ይነበብ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል የሚጸናውም፣ የተጻፈው ነገር ወራሹ በፈለገው ጊዜ ሊገኝለት ሲችል ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዘመናዊው የፖሊስ ሠራዊት በሕግ በተደራጀ ጊዜ፣ በኋላም በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በታወጀ ጊዜ፣ ምርመራው ከሜዳው ወደ ጣቢያው ክፍል፣ ከጉባኤው አፍ ወደ መርማሪው ብዕር ተዛወረ። ይህ ሕግ ለብዙ ዓመታት የምርመራ ሥራ መሠረት ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ የቀረበው ክስ ወይም አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ተጽፎም ሲያበቃ ለአቤት ባዩ እንዲነበብለትና እርሱም እንዲፈርምበት፣ መርማሪውም የሥራውን አካሄድ ከቀን ወደ ቀን በምርመራ መዝገቡ እንዲያሰፍር ያዛል። እንግዲህ ሕግ አውጪው ገና ከመነሻው ባለጉዳዩን ለተጻፈው ቃል ባዕድ አላደረገውም፤ ይነበብለት ማለቱ ቃሉ የእርሱ መሆኑን ማወቁ ነውና።

በአንድ የወረዳ ጣቢያ የሚገኘው ጽሑፍ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በቀኑና በሌሊቱ የደረሰው ነገር ሁሉ በአጭሩ የሚሰፍርበት የዕለት ሁኔታ መዝገብ አለ፤ የአቤት ባይ፣ የምስክርና የተጠርጣሪ ቃል፣ የሕክምና ማስረጃና ደብዳቤው ሁሉ የሚሰበሰብበት የምርመራ መዝገብ አለ፤ የመኪና አደጋ ሲደርስ የትራፊክ ፖሊስ ቦታውን ለክቶ የሚያነሣው ፕላንና የሚጽፈው ሪፖርት አለ፤ መታወቂያ ወይም የመሬት ይዞታ ደብተር የጠፋበት ሰው ምትክ ለማውጣት የሚይዘው የጠፋ ማስረጃ ደብዳቤም አለ። ስለ አንድ ሰው ከወንጀል ነፃ መሆን የሚሰጠው ማስረጃ ደግሞ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ይህ በአሻራ ተመርምሮ በፌዴራል ፖሊስ ዘንድ ካለው ማእከላዊ የወንጀል መዝገብ ጋር የሚመሳከር ስለሆነ፣ ወደ ውጭ አገር ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚሄድ፣ ከሚዛን ተፈሪ ባሻገር ያለችው የማጂ ወጣት የገዛ ራሱን ንጽሕና የሚመሰክር ወረቀት ፍለጋ ከሚዛን ብቻ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የአዲስ አበባ መንገድ ሊጓዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ጽሑፎቹ ልዩ ልዩ እንደ ሆኑ የጠያቂዎቹም መብት ልዩ ልዩ ነው። የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና የመሰከሩበትን ሰዎች የመጠየቅ መብቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተደነገገ ነው። በመኪና አደጋ የተጎዳ ወይም ዘመዱ የሞተበት ሰው የመድን ካሣውን የሚጠይቀው በትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት ተደግፎ ስለሆነ፣ ያን ሪፖርት መከልከል ካሣውን እንደ መከልከል ይቆጠራል። አቤት ባዩ አቤቱታው መመዝገቡንና ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ ለማወቅ ይጠይቃል። ከእነዚህም ሁሉ ውጪ፣ በጉዳዩ ውስጥ ስሙ የሌለ ዜጋ ወይም ጋዜጠኛ፣ በወረዳው ስንት ስርቆት እንደ ተመዘገበና ስንቱ ለዐቃቤ ሕግ እንደ ደረሰ ለማወቅ ቢሻ፣ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሆን ዘንድ የሚያዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 እና ሕዝብን የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል የሚያረጋግጠው አንቀጽ 29 የሚናገሩት ስለ እርሱ ነው።

ይህን መብት ወደ ሥራ ያወረደው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው፤ ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚናገረው ክፍሉ በዐዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም፣ ስለ መረጃ የሚናገረው ግን ጸንቶ ቆይቷል። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ጠያቂው የሚፈልገውን ለይቶ ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ያመለክታል፤ መጻፍ የማይችል ሰው ደግሞ በቃሉ ይናገርና ኃላፊው ራሱ ይጽፍለታል። መልሱ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል፤ የተከለከለ እንደ ሆነም ጠያቂው በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ በዐዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ይላል።

ይህን ስል ሁሉም መዝገብ ለመጣው ሁሉ ይገለጥ ማለቴ አይደለም። ገና በመከናወን ላይ ያለ ምርመራ ቢገለጥ ጥፋተኛው ይሸሻል፣ ማስረጃው ይጠፋል፤ የምስክር ስም ቢወጣ በአንዲት ትንሽ ቀበሌ፣ ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር፣ ቂምና ደም ሊያመጣ ይችላል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው፣ በቅርቡም የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የታወጀው ስለዚህ ነው። የተደፈረች ልጅ ስም ወይም ተጠርጥሮ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰው ገመና የማንም መጠቃቀሻ ሊሆን አይገባውም። ነገር ግን ምስጢርነት ለተጎጂው ጥላ እንዲሆን የተፈቀደ ነው እንጂ፣ የራሱን ቃል ሊጠይቅ በመጣ ሰው ፊት የሚዘጋ በር እንዲሆን የተሰጠ አይደለም።

ይህ ክርክር በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። ስዊድን የመንግሥትን መዛግብት ለዜጋ የሚከፍተውን ሕግ ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1766 ነው። በአሜሪካ በአብዛኛው ካውንቲ በሕዝብ ተመርጦ የጸጥታን ሥራ የሚመራው ሸሪፍ ስለሚይዛቸው መዛግብት እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ሕግ አለው፤ በዚያም ቢሆን ዜጋው ማመልከቻውን ጽፎ ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠየቀው የጉዳዩን ቁጥር፣ ቀኑንና ቦታውን ነው፤ በምርመራ ላይ ያለ መዝገብም ብዙ ጊዜ ይከለከላል። አገሩ ቢለያይ፣ ወረቀት በኮምፒዩተር ቢተካም፣ ጠያቂው መዝገቡን በምን ምልክት ያገኘዋል የሚለው ችግር አንድ ነው።

ወደ ምሳሌያችን አገር ስንመለስ፣ በማጂና በአካባቢው ይህ ችግር ሦስት ተጨማሪ ሸክሞች አሉበት። የመጀመሪያው የቋንቋ ነገር ነው፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ መዝገቡ በአማርኛ ይጻፋል፤ ቃሉን የሚሰጠው ሰው ግን ዲዚ፣ ሱሪ፣ ሜኢኒት፣ ቤንች ወይም ሸኮ ሊሆን ይችላልና፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ ካልተተረጎመለት በቀር «ተነብቦለት ፈረመ» የሚለው ሐረግ ትርጉም አይኖረውም። ሁለተኛው የአስተዳደሩ መለዋወጥ ነው፤ ማጂ በቀድሞው ዘመን በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆና ጅማን ትመለከት ነበር፤ በኋላ በቤንች ማጂ ዞን ሥር ሆና አዋሳን ተመለከተች፤ ዞኑ ሲከፈል ወደ ምዕራብ ኦሞ ዞን ገባች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ክልል ተመሠረተ። ስለዚህ የቆየ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ነገሩ የተፈጸመበትን ቀን ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ቀን አገሩ በማን ሥር እንደ ነበረ ጭምር ማወቅ ይገባዋል። ሦስተኛው የአየሩ ጠባይ ነው፤ ቡናውን ያለመለመው ያው ዝናምና ጤዛ በመደርደሪያ ላይ ለተደራረበው ወረቀት ጠላቱ ነው፤ ርጥበት የገባው ቅጠል እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ምስጥ የደረሰበትም እንደ ዱቄት ይበናል። የመዛግብትን አጠባበቅ የሚመለከት ዐዋጅ ቁጥር 179/1991 ከወጣ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ ዐዋጅ ብቻውን ጣሪያ አይሆንምና፣ ደረቅ ክፍልና ብቁ መዝገብ ያዥ የሌለው ጣቢያ ሊሰጥ ቢወድ እንኳ የሚሰጠው ነገር ሊያጣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምደርስበት ነገር ታላቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ዐዋጆቹ ተጽፈዋል፤ የይግባኙ መንገድም ተዘርግቷል፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ለመሄድ ሰው በእጁ ሊይዘው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቃሉን በሰጠባት ሰዓት የሚቀበላት፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ ቀኑና የተቀባዩ ፊርማ የሰፈረባት፣ የጣቢያው ማኅተም ያረፈባት ትንሽ ወረቀት ናት። ያለ እርሷ ሠላሳ ቀን የሚቆጠርበት መነሻ፣ እንባ ጠባቂ የሚመረምርበት ፈለግ፣ ዳኛም ይቅረብ ብሎ የሚያዝዝበት መዝገብ አይኖርም፤ በእርሷ ግን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጉዳዩ መኖሩን ያስረዳል። የሕዝብ ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት እንደሚያስጠይቀው ሁሉ፣ የሰውን ቃል ተቀብሎ ደረሰኝ የማይሰጥም ሊያስጠይቀው ይገባል፤ ለድኻ ከገንዘቡ ይልቅ ቃሉ ይከብዳልና።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ገበሬ ወደ ጣቢያው ሲመለሱ፣ ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ አንገታቸውን አይደፉም፤ ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሯትን ወረቀት ፈትተው በጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ፤ ወጣቱም ቁጥሯን አይቶ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል።