ስለ ክረምት ዕረፍትና ስለ ሐይቅ ዳር ሽርሽር

ትምህርት ቤት ተዘግቶ፥ የአዲስ አበባ ዝናብ ደጁን አጨቅይቶ ልጆችን በቤት ውስጥ ባሰረ ጊዜ፥ «ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ነገር ግን አሸዋው የሞቀ፥ የማዕበሉ ድምፅ የሚሰማ፥ ልጆች በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት የውሃ ዳርቻ ከተፈለገ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የላንጋኖን ሐይቅ ማግኘት ይቻላል። እኛም ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋር ደጋግመን ሄደንበታል። የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ሁልጊዜ «አትንኩ፥ አትብሉ» ሲል ብቻ የሚሰማ ስለሆነ፥ በዚህ ወር «ሂዱ» ስንል አንባብያን ይደነቁ ይሆናል። ሆኖም ፀሐይ፥ ዋናና ሩጫ ለልጅ ሰውነት፥ ከሥራ መለየትም ለወላጆች መንፈስ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሂዱ እንላለን። እንዴት እንደሚኬድ ግን ልንነጋገር ይገባል።

ላንጋኖ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ እንኳ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይሞቃል። የውሃውን መልክ አይተው የሚያፈገፍጉ እናቶች አሉ። ውሃው ቡናማ የሆነው እጅግ የደቀቀ አፈር በውስጡ ተንሳፍፎ ስለሚኖር እንጂ በእድፍ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ይህ መልክ አንድ መዘዝ አለው፤ ይኸውም በጉልበት ልክ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሕፃን ከላይ ለሚመለከት ሰው አለመታየቱ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

ላንጋኖ ከሌሎቹ ሐይቆች ተለይቶ ለዋና የተመረጠው ቢልሃርዝያ የለበትም በመባሉ ነው። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ ግን ይህ በሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። የቢልሃርዝያ ትል በቄጠማና በሣር መካከል በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ይወጣና፥ በውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ይገባል። ለላንጋኖ የተባለውም ስለ ሐይቁ ነው እንጂ፥ ወደ ሐይቁ ስለሚወርዱት ወንዞችና በአካባቢው ስላሉት የመስኖ ቦዮች የተነገረ አይደለም። ልጆች ግን ሐይቁን ትተው እንቁራሪት ፍለጋ ወደ ቦዩ የመሄድ ጠባይ አላቸው።

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር፤ መሸሸጉ አይጠቅምምና። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር ከሁለት ወዳጅ ቤተሰቦች ጋር ወደ ሐይቁ ወርደን ነበር። ትልልቆቹ ሰባት፥ ልጆቹ ዘጠኝ ነበሩ። ምሳ ተበልቶ፥ በአሸዋው ላይ ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞ ቡና ተፈላ። የአራት ዓመት ልጃችን ከታላላቆቹ ጋር በውሃው ጠርዝ በጣሳ አሸዋ ይቀዳ ነበር። እኛ ጀርባችንን ለውሃው ሰጥተን ለአንድ ወዳጃችን ስለ ቢልሃርዝያ ማብራሪያ እንሰጥ ነበር። ማብራሪያችንም ጥሩ ነበር። በዚያው መካከል ጥቂት ራቅ ብላ ልብስ ታጥብ የነበረች አንዲት የአካባቢው ልጃገረድ ጨርቋን ጥላ ስትሮጥ አየናት፤ ወዴት እንደምትሮጥ እንኳ ሳይገባን ጎንበስ ብላ ልጃችንን በክንዱ ከውሃ አወጣችው። ውሃው የእርሷን ጉልበት አያልፍም ነበር። ከጉዝጓዙ እስከዚያ ድረስ ኋላ ብንለካው 15 እርምጃ ሆነ።

ልጁ አስታወከ፥ ሳለ፥ ከዚያም አለቀሰ፤ ለቅሶን እንደዚያ ቀን አመስግነን አናውቅም። ሳሉ ስላልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን እስኪመሽ ድረስ ትንፋሹን አስጠበቅን፤ ደኅናም ሆነ። ማታ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ሰባታችንም አንድ ቃል ተናገርን። ባለቤታችን እኛ የምናየው መስሏት ነበር፤ እኛም እርሷ የምታየው መስሎን ነበር፤ ወዳጆቻችንም «አባቱ ጤና መኰንን ነው» ብለው ተዘልለው ነበር። አንድ ሞግዚት ብቻ ቢኖር ኖሮ ልጁ በተጠበቀ ነበር፤ ሰባት በመሆናችን ግን ጠባቂ አጣ።

ሰዎች የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፥ እጁንም ያወናጭፋል ብለው ያምናሉ። ትንሽ ልጅ ግን አይጮኽም። አፉ ከውሃ በላይ በሚሆንባት ጥቂት ቅጽበት አየር ሊስብበት እንጂ ሊናገርበት አይችልም፤ እጆቹም ውሃውን ወደ ታች ለመጫን ይደክማሉ እንጂ ለመጥራት አይነሡም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቁጥር መሠረት በ2021 ዓመተ ምሕረት (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩቡ ያህል አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ከዘጠኝ እጅ በላይ የሆነውም ሞት፥ ቁጥሩ በዐሥር እጅ ቢከፈል፥ እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ባልዳበረ አገሮች የደረሰ ነው።

ለትምህርት በሆላንድ አገር በቆየንበት ጊዜ፥ ከምድሩ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች የሆነ ሕዝብ ከውሃ ጋር እንዴት እንደሚኖር ተመልክተናል። በዚያ ልጆች የዋና ምስክር ወረቀት ለማግኘት ይፈተናሉ፤ ከፈተናውም አንዱ ክፍል ልብስና ጫማ አድርጎ መዋኘት ነው፤ ሰው ወደ ውሃ ድንገት የሚወድቀው ልብሱን አውልቆ አይደለምና። እኛ ይህን ስናይ መጀመሪያ ሣቅን። ከዚያ ከነሐሴው ቀን በኋላ ግን ልጆቻችንን አዲስ አበባ በሚገኝ መዋኛ ቦታ ዋና እንዲማሩ አስገባናቸው። ዋና መማር ቢያስፈልግም ጠባቂን አይተካም።

ባለቤታችን ያወጣችው ሥርዓት ይህ ነው። አንድ የሣር ባርኔጣ ገዛች። ልጆች በውሃ አጠገብ ባሉበት ጊዜ ሁሉ ባርኔጣው በአንድ ሰው ራስ ላይ ይሆናል። ባርኔጣውን የደፋ ሰው ቡና አይጠጣም፥ ስልክ አያነሣም፥ ከማንም ጋር ወሬ አይገጥምም፤ ዓይኑ ከውሃው ላይ አይነሣም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ባርኔጣውን ለተረኛው በእጁ ያስረክባል እንጂ አሸዋ ላይ ጥሎት አይሄድም። መጠጥ የቀመሰ ሰው ተረኛ አይሆንም። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ደግሞ ይህም አይበቃም፤ ክንድ ተዘርግቶ በሚደረስበት ርቀት አንድ ትልቅ ሰው አብሮት ውሃ ውስጥ መቆም አለበት። ወዳጆቻችን በመጀመሪያው ቀን «ይኸ ደግሞ የፈረንጅ ነገር ነው» ብለው አፌዙ። ልጆቹ ግን ወደዱት፤ አሁን «ባርኔጣው የት አለ?» ሳይሉ ወደ ውሃ አይገቡም።

በላንጋኖ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ወይም በአየር የሚነፋ መጫወቻ የያዘ ልጅ በነፋሱ ተገፍቶ ወደ ጥልቁ ይወሰዳል፤ ሐይቁም መካከሉ ከ40 ሜትር በላይ የጠለቀ ነው። ስለዚህ ከመነዳሪ መጫወቻ እንጂ መዳኛ አይደለም። ለጀልባ የተዘጋጀው ተንሳፋፊ ሰደርያ ልጁን በልኩ የሚይዝና ከታች የሚታሰር መሆኑን ወላጅ ራሱ ይመርምር፤ የትልቅ ሰው ሰደርያ ከልጅ ራስ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

የሰጠመ ልጅ ከውሃ ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ በእግሩ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን ከንቱ ነው፤ ጊዜም ያጠፋል። በጀርባው አስተኝቶ፥ አገጩን ቀና አድርጎ፥ አፍንጫውን ይዞ በአፉ አምስት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ይገባል። ሕይወት ያለው ምልክት ካልታየ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ ፈጥኖ መጫን፥ ከዚያም ሁለት ትንፋሽ መስጠት፥ እንዲሁም እያፈራረቁ ሳያቋርጡ ሌላው ሰው እርዳታ እንዲጠራ ማድረግ ነው። ነፍስ ቢዘራም ወደ ሐኪም መወሰዱ አይቀርም።

ልጆች ሦስት ቀን በአንድ ዳርቻ አይጸኑም። ከዋናው መንገድ ማዶ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ለቤተሰብ ሽርሽር ከዚያ የሚሻል በአቅራቢያው አናውቅም። ማለዳ ከተገባ ሰጎኖችና ሚዳቋዎች ከመግቢያው ሳይርቁ ይታያሉ። ከኮረብታው ላይ ሆኖ አብያታን በአንድ ወገን፥ ሻላን በሌላው ወገን ማየት ይቻላል። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የጠለቀ፥ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው፤ አብያታ ግን ጥልቀቱ ትንሽ ሲሆን ባለፉት አሥርት ዓመታት ውሃው እጅግ ሸሽቷል። የስምንት ዓመት ልጃችን ሮዝ መልክ ያላቸውን የፍላሚንጎ ወፎች አይታ «ማን ቀባቸው?» ብላ ጠይቃናለች፤ ከሚመገቡት ደቃቅ የውሃ ፍጥረት የሚያገኙት ቀለም መሆኑን ነግረናታል፤ አላመነችንም። ወፎቹን ለመቅረብ ሲባል በአብያታ ዳርቻ መኪና መንዳትም ሆነ ልጅ መልቀቅ አይገባም፤ ላዩ የደረቀ የሚመስለው መሬት ታቹ ረግረግ ነው። በሻላ ዳርቻ ፍልውኃ ይፈልቃል፤ ሰዎች በቆሎ ሲቀቅሉበት አይተናል። በቆሎ የሚያበስል ውሃ የልጅን እግር ምን እንደሚያደርግ መግለጽ አያስፈልግም፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ ማየት ነው።

ራቅ ብሎ ለመሄድ የፈቀደ ሰው ሐዋሳ ደርሶ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ማለዳ ሲመለሱ፥ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ፍርፋሪ ሲሻሙ ለልጆቹ ሊያሳይ ይችላል። በዚያ የተጠበሰውን ዓሣ ብሉ፤ ጥሬውን ግን ለልጅ አትስጡ። በዝዋይ ሐይቅ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ መሄድም ደስ ያሰኛል፤ ከጀልባ ሲወረድ ግን ልጁን አዝሎ ማውረድ እንጂ በቄጠማው ውስጥ ማራመድ አይገባም፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

ስለ ስንቅ ብዙ አንልም። ዳቦ ቆሎ፥ በሶ፥ የተቀቀለ ድንችና በእጅ የሚላጥ ፍሬ ሙቀት አያበላሻቸውም፤ ዕረፍቱ በጾመ ፍልሰታ ላይ ቢውልም ይሆናሉ። ከቤት የተሠራ ወጥ በመኪና ሙቀት ውሎ መበላት የለበትም። የመጠጥ ውሃ ከአዲስ አበባ ይዞ መሄድ ወይም የታሸገ መግዛት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋልና፥ ማፍላት ደግሞ ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። በከፍታ ቦታ ፀሐይ ስለምትበረታ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ልጆችን በጥላ ሥር ማቆየት ይበጃል፤ ሰማዩ ዳመና ቢሆንም ፀሐይ ቆዳን ታቃጥላለች።

የቀረው ወባ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ልጆችን እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ አልብሱ፤ አጎበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ የምታድሩበት ቤት አጎበር ቢኖረውም ቀዳዳውን ፈልጉለት፤ እኛ በአንዱ ስምንት ቈጥረናል። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ወባን ለምዶ ያላደገ ስለሆነ በሽታው ይበረታበታል። ይልቁንም የሚያሳስበን የሕመሙ መነሻ ጊዜ ነው። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከንድፊያው በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይዘገያል፤ አንዱ ዓይነት ወባማ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። በነሐሴ መጨረሻ ሐይቅ ዳር የነበረ ልጅ የሚያተኩሰው በመስከረም፥ ደብተሩን ተሸክሞ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። በቤት ውስጥ «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ ወይም «ብርድ ነው» ተብሎ ይሸፈናል። አንደኛው የወባ ዓይነት ሕክምና ካላገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ብርቱ ሕመም ሊለወጥ ይችላል። ወባ በማይገኝበት ከተማ የሚሠራ ባለሙያም ካልተነገረው በቀር ወባን ቶሎ ላይጠረጥር ይችላል። ስለዚህ ከሽርሽር የተመለሰ ልጅ ባተኰሰው ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካርድ ስታወጡም «ላንጋኖ ነበርን፤ ደሙ ይመርመርልን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።