የድንጋይ ከሰላችን በቶን ወይስ በካሎሪ?

ከቦሌ ቡልቡላ እስከ ጎሮ፣ ከገርጂ እስከ አያት የሚያድገው ሕንፃ ሁሉ የሲሚንቶ ውጤት ነው። ሲሚንቶው ደግሞ በአብዛኛው የሚጋገረው በድንጋይ ከሰል ነው። ባለፉት ዓመታት የአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ ከሺህ ብር አልፎ ሲሰቀል፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ደጅ ቆሞ “ምን ተፈጠረ?” ለሚል ገዢ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ “ፋብሪካው ከሰል አጣ” የሚል ነበር። ከሰሉ በዶላር ተገዝቶ በዋነኛነት ከደቡብ አፍሪካ በጅቡቲ በኩል ይመጣ ስለነበር፣ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ እቶኑም ይቀዘቅዛል። ያኔ የቆየው ጥያቄ ይነሳል፦ ያዩ፣ ደልቢ፣ ዳውሮ፣ ጭልጋና ውጫሌ ከሰል እያለ ለምን ከውጭ እንገዛለን?

“ገዢዎቹ ኮሚሽን ስለሚበሉ ነው” የሚለው መልስ ለወሬ ይመቻል። ዋናው ምክንያት ግን ከሰሉ ራሱ ውስጥ ነው።

የድንጋይ ከሰል አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን፣ ጥቂት ናይትሮጅንና ድኝ፣ ከዚያም ውሃና አፈር የተደባለቁበት ነው። ሙቀት የሚሰጡት በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን ናቸው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ሲነድ 7,800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይወጣዋል። በከሰሉ ውስጥ የታሰረው ኦክስጅን ግን ገና ከመሬት ሳይወጣ በከፊል እንደነደደ ያስቆጥረዋል። ውሃው ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ብቻ ከ540 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይባክናል። እርጥብ እንጨት ምድጃ ላይ ሲያለቅስ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ውሃውንና ኦክስጅኑን ከከሰል ጨምቆ የሚያስወጣው ጊዜ፣ ክብደትና የምድር ሙቀት ነው። የደቡብ አፍሪካው ከሰል ዕድሜው ወደ 250 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የእኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብሮች መካከል የተቀበረ ሲሆን፣ የጭልጋው 27 ሚሊዮን፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ያለው የሙሽ ሸለቆው ደግሞ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በከሰል ዓለም ይህ ገና ለጋ ነው። ስለዚህ ጥራቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ብዙው ሊግናይት የሚባለው ለጋ ከሰል ወይም ከዚያ ብዙም ያልራቀ ነው።

የአንድን ከሰል ጥራት የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ከተፈጨው ናሙና አንድ ግራም ያህል ተመዝኖ ከ105 ዲግሪ በጥቂቱ ከፍ ባለ ሙቀት ይደርቃል፤ የጎደለው እርጥበቱ ነው። ሌላው ናሙና ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ በ900 ዲግሪ ለሰባት ደቂቃ ሲግል በጋዝ መልክ የሚተነው ይወጣል። ሌላው ደግሞ ክፍት ሆኖ እስኪያልቅ ይነድና የተረፈው አመድ ይመዘናል። ሙቀቱን ለመለካት ናሙናው በኦክስጅን በተሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ይቃጠላል፤ ዕቃውን የከበበው ውሃ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ ይታያል። ከሰል ሻጭና ገዢ ሊከራከሩ የሚገባው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ለክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ ለሚሆነው ግግር፣ የሚያስፈልገው ሙቀት 1,450 ዲግሪ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ ለአንድ ኩንታል ክሊንከር 80,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያልቃል። በኪሎ 6,000 ኪሎ ካሎሪ በሚሰጥ ከሰል ሂሳቡ 13 ኪሎ ግድም ይሆናል፤ 4,000 በሚሰጠው ግን 20 ኪሎ። ትርፉን ሰባት ኪሎ ከዳውሮና ከኢሉባቦር ተራራ ለተራራ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ነው። አመዱ 30 በመቶ ከሆነ ደግሞ 40 ቶን የጫነ መኪና 12 ቶኑ የማይነድ ነገር ነው፤ ነዳጅ የሚቃጠለው እሱንም ለማጓጓዝ ነው።

ማጠቢያ ፋብሪካዎች እንዲተከሉ ግፊት የተደረገው ለዚህ ነው። ከሰል ከድንጋይ ስለሚቀል፣ ማግኔታይት በሚባል የብረት ማዕድን ዱቄት በከበደ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል። አመዱ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ከድኙም ፒራይት በሚባል ማዕድን መልክ ያለው ይወጣል። ከካርቦኑ ጋር የተሳሰረው ድኝ ግን በማጠብ አይለቅም፣ በእቶኑ መግቢያ ላይ እየተጋገረ መተላለፊያ ይዘጋል። ለጋነቱም አይታጠብም፤ እንዲያውም ሊግናይት ውሃ ስለሚጠጣ ካጠቡት በኋላ ማድረቅ ሌላ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ በሰሚት ኮንዶሚኒየም ለቡና የሚቀጣጠለው የእንጨት ከሰል፣ በደንብ ከከሰለ በኪሎ 7,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ከደቡብ አፍሪካውም ይበልጣል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ደኑ ነው። የድንጋዩን ከሰል በማንደጃ ልሞክር የሚል ካለ ይተው፤ ጭሱና የድኙ ጋዝ ሳንባ ይጎዳሉ። በተዘጋ ክፍል ደግሞ ሁለቱም ከሰሎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላሉ።

መንግሥት አሁን ከውጭ ይገባ የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ተክቻለሁ ይላል። መተካቱ በምን ተለክቶ ነው? አንድ ቶን በአንድ ቶን ከሆነ ሂሳቡ አይገጥምም፤ የጎደለውን ሙቀት ፋብሪካው በተጨማሪ ከሰል፣ ቤት ሠሪውም በኩንታሉ ዋጋ ይሞላዋል። በእኔ ግምት የአገር ውስጡን ከሰል መጠቀም ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ሽያጩ ግን በካሎሪ መሆን አለበት፣ አመዱና ድኙ ከተወሰነ መጠን ሲያልፉም ዋጋው ይቀንስ። የማዕድን ሚኒስቴርም ስንት ቶን ተመረተ ብሎ ሲነግረን፣ ከጎኑ ስንት ካሎሪ እንደሆነ ይጻፍልን።