ከጋፋትኛ መጽሐፍ እስከ ዓለም ባንክ ሳሎን

እ.ኤ.አ. በ1947 ቮልፍ ሌስላው የተባለ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ጎጃም ወረደ። ፍለጋው ጋፋትኛ ነበር፤ በዓባይ ዳርቻ ሲነገር የኖረ፣ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቋንቋ። ብዙ ደክሞ ያገኘው ቋንቋውን መናገር የሚችሉ አራት ሰዎች ብቻ ነው። ከእነሱ የሰማውን መዝግቦ ስለ ሰዋስዉ መጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ አስቀድሞም፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ ኦክስፎርድ ተቀምጧል። ዛሬ ጋፋትኛ መጽሐፍ አለው፤ ተናጋሪ የለውም።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ማውራት ሆኗል ሥራዬ። ጋፋትኛ ብዙ ነገር አልጎደለውም ነበር። ጽሑፍ ነበረው፣ ሰዋስው ተሠርቶለታል፣ በዓለም የታወቀ ሊቅ ተጨንቆለታል። የጎደለው እናት ለልጇ የምታወራበት ቤት ነው። መመዝገብ አንድ ሥራ ነው፤ ማቆየት ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን ስለምናቀላቅል ነው አንድ ጥናት በወጣ፣ አንድ ቀረጻ በተካሄደ ቁጥር ቋንቋው የተረፈ የሚመስለን።

በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሁለተኛውን ሥራ ኃላፊነት ሰጥተው የሚያሲዙት ሰው አለ፤ የባህልና የቋንቋ ጥበቃ አስተባባሪ። ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የሰፈራችንን የእድር ሰብሳቢ አስቡ። ለቅሶ ቤት ከሁሉ በላይ የሚያለቅሰው እሱ አይደለም። ድንኳኑ መቼ እንደሚተከል፣ አግዳሚ ወንበሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያድር፣ ቀብር ላይ ማን እንደሚገኝ የሚያያይዘው ግን እሱ ነው። የቋንቋው አስተባባሪም አዛውንቶቹን በስም ያውቃል፤ ከመምህራን ጋር ያገናኛቸዋል። የተቀዳው ድምፅ የት ይቀመጥ፣ ማንስ ይስማው የሚለውን ከባለቤቶቹ ጋር ይመክራል፤ ማንም እንዲሰማው የማይፈቀድ ጸሎት ወይም የለቅሶ ግጥም አለና። በፊደል የተጣሉትን ያቀራርባል፤ ለበጀት ወረዳ ይመላለሳል። ቋንቋውን ከማንም በላይ የሚያውቅ መሆን የለበትም። የሚያውቁትን ማገናኘት ይኖርበታል።

እንዲህ ያለ ማያያዣ ሲኖርና ሲጠፋ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። አማራ ክልል ውስጥ ሦስት እህትማማች ቋንቋዎች አሉ። አዊኛ በአዊ፣ ኽምጣና በዋግ ኽምራ፣ ቅማንትኛ ደግሞ ከጎንደር ወዲያ በጭልጋና በላይ አርማጭሆ አካባቢ። ሦስቱም የአገው ቋንቋዎች ናቸው፤ አራተኛ እህታቸው ብሌን ኤርትራ ውስጥ ከረን አካባቢ ትነገራለች። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ላሊበላን የሰጠን የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት የአገው ነው። ብዙ ምሁራን እንደሚሉት አማርኛ ራሱ ግሥን ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የማስቀመጥ ልማዱን ያገኘው ከእነዚህ የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ ሲኖር ነው። እንግዲህ አፋችንን ስንከፍት በከፊል የእነሱን ውርስ እየተናገርን ነው ማለት ነው። ይህ እኔን በጣም ይደንቀኛል።

እስቲ ከአዊ እንጀምር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ አዊ የራሱ የብሔረሰብ ዞን ነበረው፤ ዋና ከተማው እንጅባራ ነው። ዞን መኖሩ ምን ለወጠ? መጽሐፍ የሚያዘጋጅ፣ መምህር የሚያሠለጥን፣ በጀት የሚይዝ ቢሮ ተገኘ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የአዊኛ መማሪያ ክፍል ውስጥ ገባ፤ ከክልሉ መገናኛ ብዙኃንም የአዊኛ ስርጭት ተጀመረ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የአዊኛ አፍ ፈት ተናጋሪዎች ቁጥር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

ቢሮ ብቻውን ግን ይህን አላደረገም ብዬ አምናለሁ። አዊዎች ከቢሮው በፊት ሌላ ነገር ነበራቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዓድዋ ለዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ ሆኖ። በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ሸልመው እንጅባራ ይወጣሉ። ማኅበሩ ቋንቋ ለማዳን ብሎ አልተነሣም። ዳሩ ግን ወጣቱ ከአያቱ ጋር የሚሰለፍበት፣ የአባቶቹን ዘፈን ማወቁ የሚያኮራበት ቀን አለው። ትምህርት ቤት ፊደሉን ይሰጣል፤ ፈረሱ ደግሞ ልጁ የአገው ልጅ በመሆኑ ደረቱን የሚነፋበትን ምክንያት። እንደ እኔ አስተያየት ከመማሪያ መጽሐፉ የማይተናነስ ሥራ የሠራው ይህ ማኅበር ነው፤ ስለ ቋንቋ ፖሊሲ ሲወራ ግን ማንም አያነሣውም። አዊ ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል ማለቴ ደግሞ አይደለም። እንጅባራ፣ ዳንግላ ወይም ቻግኒ ከተማ መሀል ገበያውና መሥሪያ ቤቱ የሚውለው በብዛት በአማርኛ ነው።

ኽምጣናም የራሱ ዞን፣ ትምህርትና የራዲዮ ስርጭት አለው። ወደ ሦስተኛዋ እህት ልለፍ፤ የሚያስጨንቀኝ እሷ ናት።

በ1987ቱ ቆጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ172 ሺህ በላይ ነበሩ። ቅማንትኛን አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 1,600 ገደማ ብቻ። በቀጣዩ የ1999 ቆጠራ ቅማንት ራሱን ችሎ አልተቆጠረም። ጽሑፍ ግን እዚህም አልጎደለም። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ቋንቋው መጽሐፍ አሳትሟል። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አብሯቸው ኖሮ ስለ ሕዝቡ ጽፏል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ዘለዓለም ልየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ጥናት ቅማንትኛ እንዴት ለአማርኛ ቦታ እየለቀቀ እንደሄደ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አዛውንቶቹ ይናገራሉ፤ ልጆቹ አይማሩትም።

ለምን? ቅማንቶች ወንበር በሚባሉ የሃይማኖት መሪዎች የሚመራ፣ በተቀደሱ ዛፎች ሥር የሚጸለይበት ነባር እምነት ነበራቸው፤ ጸሎቱ በቅማንትኛ ነው። ሕዝቡ ወደ ኦርቶዶክስ ክርስትና ሲገባ ቋንቋው ትልቁን ቤቱን አጣ። ገበያውና ፍርድ ቤቱ ከጥንትም የአማርኛ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እሱም በአማርኛ ሆነ። ቀጥሎ ተራው የማዕድ ቤት ነበር፤ ልጁ እንዳይናቅና ትምህርት እንዳይከብደው ብላ እናት በአማርኛ አሳደገችው። ማንም እናት በዚህ አትወቀስም። ቅማንቶች ያነሡት የማንነት ጥያቄ ከአስተዳደርና ከወሰን ጋር ሲጠላለፍ ደግሞ ደም ፈሰሰ፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጨረሻዎቹን ተናጋሪዎች ሰብስቦ ከሕፃናት ጋር የሚያስቀምጥ ሰው ከየት ይገኛል? ለእኔ የቋንቋ ሥራ ከወሰን ክርክር ተለይቶ፣ ሁሉም ወገን ሊጠብቀው የሚገባ ሥራ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ማስተባበር ከላይ ወርዶ ሲጫን ምን እንደሚያመጣም አገራችን አይታለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በያኔው የደቡብ ክልል የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ ላይ የሚያጣምር ወጋጎዳ የሚባል የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ። አራቱ ቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ነው፤ አንድ መጽሐፍ ለአራት ሕዝብ ማተምም ወጪ ይቆጥባል። ነገር ግን ሕዝቡ አልተጠየቀም። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞው ፈነዳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፎቹም ተሰበሰቡ። በቀጣዩ ዓመት ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ። ያን መጽሐፍ ያዘጋጁት ባለሙያዎች ስለ ሰዋስው ያውቁ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጽሐፉን ገልጦ የራሱን አነጋገር ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ግን ማንም አስቀድሞ አላሰበበትም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ እጅግ የምወደው ስለሆነ። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ልጆቻቸው ቋንቋውን እንደማያውቁ ተረዱ። ችግራቸው ከቅማንቶቹ ጋር ይመሳሰላል፦ አያቶች ይናገራሉ፣ ወላጆች አይናገሩም፣ ልጆች አይሰሙም። መፍትሔያቸው መካከለኛውን ትውልድ መዝለል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሃንጋ ሬኦ የሚሉትን የሕፃናት ማዋያ ከፈቱ፤ የቋንቋ ጎጆ እንበለው። ከሕፃንነት ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤት መግቢያ ያሉ ልጆች ቀኑን ሙሉ በማኦሪ ብቻ ከሚያወሩ አያቶች ጋር ይውላሉ፤ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይተኛሉ። የሰዋስው ትምህርት የለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎጆዎቹ በመቶዎች ተቆጠሩ። ልጆቹ ሲያድጉ ወላጆች በማኦሪ የሚያስተምር አንደኛ ደረጃ ጠየቁ፤ ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ። መንግሥት ቋንቋውን በሕግ ያወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከጎጆዎቹ አምስት ዓመት በኋላ። አያቶቹ ሕጉን አልጠበቁም።

አሁን አዲስ አበባ ወዳለው ሰፈራችን፣ ወደ ዓለም ባንክ ልምጣ። በአየር ጤና በኩል የሚወጣው የጅማ መንገድ በሰበታ አድርጎ ወልቂጤ ይደርሳል፤ ዓለም ገና ላይ የሚገነጠለው ደግሞ ወደ ቡታጅራ ይወስዳል። ዓለም ባንክ ብዙ የጉራጌና የስልጤ ቤተሰብ ያለበት ሰፈር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱቅ ውስጥ ባለቤቱ ከወንድሙ ጋር በጉራግኛ ያወራል፤ ልጁ ሒሳቡን በአማርኛ ይቀበላል። ሁለቱም ከአንድ ባንኮኒ ኋላ ቆመዋል። በቅማንት አገር ትውልዶች የፈጀው ጉዞ እዚህ በአንድ ትውልድ ሊያልቅ ይችላል፤ ከተማ ቋንቋን በፍጥነት ያስጥላልና።

ጉራግኛም በጽሑፍ አልተበደለም። ያው ሌስላው፣ ጋፋትኛን ከአራት ሰው አፍ የቀዳው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት ቅጽ ያለው የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራግኛ የጻፉትን ልብ ወለድም ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው እሱ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጉራግኛን በትክክል ለመጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ገብተዋል። ዩኒኮድ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ነው። ፊደሉ እዚያ ካልተመዘገበ አያት ለልጅ ልጇ በቋንቋዋ የቴሌግራም መልእክት ስትልክ ባዶ ሣጥን ብቻ ይታያል። አያችሁ፣ የቋንቋ ጥበቃ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል!

ከባዱ ጥያቄ የትኛው ጉራግኛ የሚለው ነው። ቸሃ፣ እዣ፣ ሙኽር፣ እኖር፣ ክስታኔ፣ መስቃን አሉ፤ ቸሃና ክስታኔ እርስ በርስ እንኳ በቀላሉ አይግባቡም። እኔ ወጋጎዳን አስታውሼ አንዱን መርጦ መጫን አልደፍርም። ለመጽሐፍና ለትምህርት ቤት አንድ መንገድ መፈለግ ግድ ይሆናል፤ ለአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ግን አያስፈልግም። የእዣ አያት በእዣ ታውራ፣ የክስታኔ አያት በክስታኔ።

አስተባባሪ ከየት ይመጣል ለሚል ደግሞ መልሱ ከዚሁ ሕዝብ ታሪክ ይገኛል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ከየንግዳቸው እያዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ አሠርተዋል። መንገድ ለመሥራት ገንዘብ የሰበሰበ ሕዝብ አያትና ሕፃን ለመሰብሰብ አያንስም። እድሩ የቤተሰቦቹን ዝርዝር አስቀድሞ ይዟል። በየትኛው ቤት ማን የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገርና ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ዓምድ ቢጨምርበት፣ አስተባባሪ ሊጀምርበት የሚገባው ሰነድ ተገኘ ማለት ነው።

ልጁ ይደናገራል፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ይበላሽበታል የሚለውን ስጋት ብዙ ወላጅ ያነሣል። በሁለትና በሦስት ቋንቋ ማደግ ልጅን እንደማይጎዳ የቋንቋ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ሕፃን መጀመሪያ ላይ ቃላቱን ቢቀላቅልም ቆይቶ ለማን በየትኛው እንደሚያወራ ራሱ ይለያል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በመስቀል ብዙ ቤተሰብ አገር ቤት ወርዶ ሲመለስ፣ አያት አብረው የሚመጡበት ቤት ይኖራል። ያን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት እንጀምር። ቀረጻ አያስፈልግም፣ መጽሐፍም ገና ነው፤ ቆሎና ቡና፣ የልጆች ጨዋታ፣ ደግሞም ለሁለት ሰዓት አማርኛ ላለማውራት ስምምነት። አምስት ሕፃንና ሁለት አያት ይበቃሉ። ሳሎኑን የሚሰጥ ቤት ካለ ይንገረኝ፤ እኔ በየበሩ እየሄድኩ መጠየቁን እይዛለሁ።